ሁለት ጥንድ ከስክስ

ጋሽ አየነው ማረፋቸውን የሰማሁት ዳንግላ ላይ፣ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት ሳርም ነው። ስልኬ ጠራ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ «ቲቸር መላኩ፣ ጋሽ አየነው…» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁና ጠፋ። ወጥቼ አጥሩ ጥግ ድረስ ሄድሁ፤ ስልኩን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ቆይቼ መልሼ ስደውል፣ «ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ ነው» አለችኝ። የደወለችልኝ ማስተዋል ናት፤ ቆሰበር ሳለሁ አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማርኋት ልጅ። ወዲያው መስመሩ ተቆረጠ።

አላለቀስሁም። ድካም ነው የተሰማኝ፤ ቀኑን ሙሉ ስሸከም የዋልሁትን ያወረድሁ ሳይሆን ገና ያነሳሁ መሰለኝ። ተመልሼ ቁጭ አልሁና ማረሜን ቀጠልሁ። አራት ወረቀት ከጨረስሁ በኋላ ነው ትክክሉንም ስሕተቱንም ሁሉ ልክ እያልሁ ማለፌን ያየሁት። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ለርእሰ መምህሩ ነገ እንደማልገባ ነገርሁት።

ጋሽ አየነውን ያወቅኋቸው እንጅባራ ተመድቤ በሄድሁ ጊዜ ነው፤ ሁለት ሺህ አምስትና ስድስት አካባቢ መሆኑ ነው። የከተማዋ ሰው ቆሰበር ነው የሚላት፣ እኔም ቆሰበር እላለሁ። የቆላ ልጅ ነኝ፤ ብርዱንና ዝናቡን አልቻልሁትም። ጭቃው ጫማ ያስቀራል። አስፋልቱ ዳር የከሰል ጆንያ እንደ ግንብ ተደርድሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል፣ ልብሴ ሁሉ ከሰል ከሰል ይሸታል። ደመወዝ እስኪወጣ ቤት የሚያከራየኝ አጥቼ ስንከራተት፣ «እኔ ያለሁበት ግቢ አንዲት ክፍል አለች፣ ታፈሳለች እንጂ አትከፋም» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። የባዮሎጂ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ ቀጭን፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ጫማቸው ነው። በጋ ከክረምት ከስክስ ያደርጋሉ፤ ያ ወታደር የሚያደርገው፣ እስከ ባት ድረስ በክር የሚታሰረው ጥቁር ጫማ። ቤት ውስጥም አያወልቁትም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ «ምንጣፌን ጨረሱት» እያሉ ያጉረመርማሉ። በቀኝ እግራቸው ትንሽ ያነክሳሉ፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጅ ሳለሁ ኳስ ስጫወት ነው» አሉኝ። ወታደር ነበሩ ወይ ብዬም ጠይቄያለሁ። «አሁንም ነኝ፤ ከጭቃ ጋር» አሉና ሳቁ።

ከአፋቸው የማይጠፋ አንድ አባባል ነበራቸው። ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲተኛ፣ የባጃጅ ሹፌር ሲሰድባቸው፣ ስብሰባ ላይ አለቃ ሲጮህባቸው፣ ሁልጊዜ መልሳቸው አንድ ነው። «ተወው፣ ደክሞት ነው።» ክፉ ሰው መኖሩን የሚያምኑ አይመስለኝም ነበር። እኔ እናደዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እኔንም «ደክሞት ነው» ብለው ያልፉኛል።

ሰው ግን እሳቸውን እንዲህ አላለፋቸውም። ጋሽ አየነው ቤተ ክርስቲያን አይገቡም። እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ይመጣሉ፣ ቅጥሩ በር አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ይቆማሉ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ ተሳልመው ይሄዳሉ። ከዚያች ጽድ ወዲያ አንድ እርምጃ አልፈው አያውቁም። መምህራኑ «ዳርዊን» የሚል ስም አወጡላቸው። ሳይንሱ እምነታቸውን አጠፋው የሚል ነበር፣ ሃይማኖት ለውጠዋል የሚልም ነበር። እኔም ከዘባቾቹ አንዱ ነበርሁ፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ጋሽ አየነው፣ ከእግዜር ጋር የተጣሉት በስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» አልኋቸው። አልተቆጡም። «እግዜር ምን በደለኝ? ደጁ ሰፊ ነው፣ እዚያም ሆኜ ይሰማኛል» አሉ።

ትምህርት ቤት የማስተምርበት ክፍል እሳቸው ከሚያስተምሩበት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል፤ እኔ ጽፌ ተማሪ ሲገለብጥ እሳቸውን እሰማለሁ። አንድ ቀን ከወዲያ ትልቅ ሳቅ ሰማሁና በመስኮት አየሁ። የተማሪውን መጽሐፍ በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አቁመው ለቀቁት። መጽሐፉ ወደ ሁለት ተከፈለና ተዘረጋ፤ የተከፈተው የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ነው። ሌላ መጽሐፍ አነሱ፣ እሱም እዚያው። ሦስተኛውም እዚያው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ማንም አልገለጠውም፤ በራሱ ነው የተከፈተው» አሉ። «ለምን? ከእናንተ በፊት የነበሩት ሁሉ እዚህ ገጽ ላይ ሲከፍቱት፣ ሲከፍቱት፣ ጀርባው እዚህ ላይ ተሰበረ። አሁን ስሙኝ። በሰውነታችሁ ውስጥ ያለው ሴል ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው የያዘው። የዓይኑም፣ የጉበቱም፣ ነጭ የደም ሴልም። በመጽሐፉ የተጻፉት ትእዛዞች ጂን ይባላሉ። ታዲያ ዓይን ለምን ጉበት አልሆነም? እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ገልጦ ሌላውን ስለሚዘጋ ነው።»

ከዚያ ወደ እሾህ ምሳሌ ገቡ። እሾህ ሲወጋችሁ፣ አሉ፣ እዚያ ሰፈር ዘብ የሚቆመው ነጭ የደም ሴል የእሪታውን ገጽ ይገልጣል። እሪ ይላል። እሪታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ እንደሚመጣ ሌሎቹ ሴሎች ይመጣሉ፣ ደም ይጎርፋል፤ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይኼ ብግነት ይባላል። «ብግነት ጠላት እንዳይመስላችሁ። እርዳታ ነው። እሾሁ ሲወጣ ሴሎቹ የእሪታውን ገጽ ይዘጉና የጥገናውን ገጽ ይገልጣሉ። ሳምንት ሳይሞላ ረስታችሁታል።»

ከመካከለኛው ረድፍ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ማስተዋል ነበረች። «ቲቸር፣ እሾሁ ባይወጣስ?»

ጋሽ አየነው ጠመኔያቸውን አስቀመጡ። «አልወጣም እንበል። ሴሉ ዋጠው፣ ግን ሊፈጨው አልቻለም እንበል። እሪ እንዳለ ይቀራል። የመጣው ጎረቤት አይመለስም። ምሳ ይላል፣ እራት ይላል፣ ሲበርደው ያንኑ ሊጠብቅ የመጣበትን አጥር ነቅሎ ያነድደዋል። ያ ገጽም እንደዚህ መጽሐፍ ይሆናል፤ ከመገለጥ ብዛት መዘጋት ያቅተዋል፣ ትንሽ ነካ ሲደረግ በራሱ ይከፈታል። የቆየ ብግነት የምንለው ይኼ ነው።»

«ክፉ ሆነው ነው?» አለች።

«አይደለም። ደክሟቸው ነው። የሚያሳርፋቸው አጥተው።»

«ማን ነው ታዲያ በቃችሁ ሂዱ የሚላቸው?»

ያን ጊዜ ፊታቸውን አየሁት። ወደ ጫማቸው አቀርቅረው ነበር። «ይኼ ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ፤ ደወሉ ተደወለና መልሱን ሳይናገሩ ወጡ።

ማስተዋል ከጥር በኋላ ቀረች። እንደሌሎቹ ተድራ ይሆናል ብዬ ስሟን ከዝርዝሬ ልሰርዝ ስል ጋሽ አየነው እጄን ያዙኝ። «አትሰርዝ። እግሯን አይተሃታል? ማታ ማታ ጫማዋ እየጠበባት ተረከዙን ረግጣ ነበር የምትሄደው። ቀኝ እግሯ ነው።» እኔ ምንም አላየሁም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እስከ አዘና መንገድ ሄደን፣ ከዚያ በቀይ ጭቃ መካከል አንድ ሰዓት ተኩል በእግራችን ተጉዘን ቤቷ ደረስን።

አባቷ አያ ጎበዜ በረንዳው ላይ፣ ግራ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠዋል። ፈረሳቸው ደጅ ታስሯል። ከጋሽ አየነው ጋር ሰላምታውን በአዊኛ አደረጉትና ወደኔ አይተው፣ «እንግዳው እንዲሰማ ባማርኛ እናውራ» አሉ። ማስተዋል የእጅ ውኃ ይዛ ወጣች። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል። ቀና ብላ አላየችንም።

«ልጄ አልታመመችም፤ የቤት ሥራ በዝቶባት ነው» አሉ አያ ጎበዜ።

«እግሯን ልየው?» አሉ ጋሽ አየነው።

አያ ጎበዜ ጋቢውን ገለጡት። የግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አብጦ፣ ቆዳው ተቆራፍዶ፣ ጣቶቹ ተውጠዋል። ባዶ እግር ነው። «ይኼውልዎ። ከእናቴ ነው የወረስሁት፣ እናቴም ከአባቷ። ደማችን ነው። ሁለቱ ታላላቆቿ ሊታጩ ነው፤ እሷን ጤና ጣቢያ ደጅ ያያት ሰው ካለ ‹ዝሆኔ ያለበት ቤት ነው› ይባላል፣ ሦስቱም ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ እቤት ትቆይ።»

«አፈር ነው» አሉ ጋሽ አየነው። «ይህ የረገጥነው ቀይ አፈር። ደቃቁ በእግር ቆዳ ይገባል፣ ነጭ ደም ይውጠዋል፣ መፍጨት ግን ያቅተዋል። ተቆጥቶ ይቀራል።»

«አፈሩንማ አገር ሁሉ ይረግጠዋል። ጎረቤቴ ለምን አላበጠም?»

ጥያቄው ከባድ ነበር፤ ጋሽ አየነው ግን አልሸሹትም። «እውነትዎን ነው፣ የሚወረስ ነገር አለ። የሚወረሰው ቶሎ መደንገጥ ነው። የጎረቤትዎ ሴል አፈሩን አይቶ ዝም ይላል፤ የእርስዎና የልጅዎ እሪ ይላል። ነገር ግን አፈሩ ካልገባ የሚያስጮኸው የለም። በየቀኑ በሳሙና ትታጠብ፣ ቅባት ትቀባ፣ ካልሲና ጫማ ታድርግ። ገና ጅማሬው ነው፣ ይመለስላታል። ዓመት ሁለት ዓመት ከቆየ ግን እንደ እርስዎ ይሆናል፣ ያኔ አይመለስም።»

አያ ጎበዜ ረጅም ጊዜ አዩአቸው። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። ይህ በሽታ ይዞት፣ እንደሚሉት አድርጎ የቆመለት ሰው በዓይንዎ አይተዋል?»

የጋሽ አየነው እጅ ወደ ጫማቸው ክር ሄደ። ደረሰ። ክሩን ያዘ። ከዚያ ለቀቀው።

«አንብቤያለሁ» አሉ።

«ማንበብማ…» አሉ አያ ጎበዜ። «ጫማ ደግሞ ይሉኛል። ለዚህ እግር የሚሆን ጫማ ከየት ይመጣል?»

ጋሽ አየነው ተነሡ። ተሰናብተን ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ደከመኝ» አሉ። ያን ቀን እኔ የመንገዱ ድካም መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ቀሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ በራቸውን ገፋ ሳደርግ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ቀኝ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ይንቀጠቀጣሉ። እንደ አያ ጎበዜ አይሁን እንጂ ያው ነው። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጦ፣ ቀልቶ፣ በሩ ላይ ቆሜ ሙቀቱ የሚሰማኝ ይመስል ነበር።

«በሩን ዝጋው» አሉኝ። «ሲነሳብኝ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ብዙ ሄድን፣ ጣቶቼ መካከል ተሰነጠቀ፣ ቁስሉ ጀርም አስገባ። ጤናማ ሰው ቢሆን ቦታው ትንሽ ቀልቶ ይተወው ነበር። የኔ ሴሎች ግን ድሮም እሪ እያሉ ነው ያሉት፤ አንድ ትንሽ ነገር ሲደርስባቸው አገር ይያዝልን ይላሉ።»

ቁጭ ለማለት ቦታ ስፈልግ ዓይኔ አልጋው ሥር ገባ። ከስክስ ተደርድሯል፤ አዲስ፣ ክሩ እንኳ ያልገባለት፣ ሰባት ስምንት ጥንድ። አንዱን አነሳሁ። ግራው አርባ አራት ቁጥር ነው፣ ቀኙ አርባ አንድ።

«ሁለት ሁለት ጥንድ እገዛለሁ» አሉ። «አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ከትልቁ ቀኙን፣ ከትንሹ ግራውን አደርጋለሁ። ይኼ ትርፉ ነው። መጣል ፈራሁ፤ ሰው አይቶ ‹የማን ነው› እንዳይል።»

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ጋሽ አየነው ሠላሳ ዓመት ጽድ ሥር የቆሙት ጫማቸውን ላለማውለቅ ነበር። ዳርዊን ያልናቸው ለዚህ ነው። ማዘን ሲገባኝ ተናደድሁ። «ታዲያ ለልጅቷ አባት ለምን አላሳዩትም? ሰው አይተዋል ወይ ሲሉዎት! ጫማ ከየት ይመጣል ሲሉዎት!»

«ሰማሁት» አሉ። «ጫማው እዚህ ነው። ግራው ትልቁ። ለሳቸው የተሰፋ ይመስላል።»

ፎጣ አቀበልኋቸው። እግራቸውን እያንዳንዱን ስርጉድ ቀስ ብለው አደረቁና ቅባት ቀቡት። ልጅ ሳሉ በባዶ እግር ሲያርሱ መጀመሩን፣ ጫማ ያደረጉት መምህራን ማሠልጠኛ ሲገቡ መሆኑን፣ መታጠብ ከጀመሩ ወዲህ እንዳላደገ ነገሩኝ። አንዲት የታጨችላቸው ሴት ነበረች። «በዘር ነው ብላ ሳትተወኝ ቀድሜ ተውኋት። ምክንያቱን ሳልነግራት።» የቅባቱን ዕቃ ከደኑ። «መላኩ፣ መደበቁ ደክሞኛል። መግለጡ ደግሞ ገና ሳስበው ይደክመኛል።»

«ልጅቷ ግን ጊዜ የላትም» አልሁ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ወጣሁ።

ዐቢይ ጾሙ እንዲህ ሊያልቅ ደረሰ፤ እግራቸው ተሻላቸው፣ ትምህርት ቤት ተመለሱ፣ ሰላም እንባባላለን እንጂ አናወራም። በየሳምንቱ እጠብቃለሁ፤ በየሳምንቱ ማስተዋል የምትቀመጥበት ወንበር ባዶ ነው። እኔስ ለምን ሄጄ አልተናገርሁም? የኔ ምሥጢር አይደለም ብዬ ነው። እውነቱ ግን እኔም ያን ሁሉ ጭቃ መሄድ ደክሞኝ ነበር።

የጸሎተ ሐሙስ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ አየነው ነጠላ ለብሰዋል፣ በእጃቸው የታጠበ ወፍራም ነጭ ካልሲ ይዘዋል። «እነማስተዋል ደብር እንሂድ» አሉ።

በዚያ ቀን ካህናት የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ሰው ስለበዛ እጥበቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በረንዳ ላይ ነበር፤ ውኃው በጎድጓዳ ሳሕን፣ የወይራ ቅጠል አጠገቡ። ወንዶች ተሰልፈዋል። አያ ጎበዜ እግሬን የሚያይብኝ አልፈልግም ብለው ይሆናል፣ በሩ አጠገብ ዛፍ ሥር በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸውም እንደ ጋሽ አየነው የጽድ ሥር ሰው ነበሩ ማለት ነው።

ጋሽ አየነው ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ክራቸውን መፍታት ጀመሩ። ክሩ አልፈታ ሲላቸው ልረዳቸው ጎንበስ ስል በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ካልሲውን አጥልቀው ገቡ፣ ተሰለፉ፣ ተራቸው ሲደርስ ተቀምጠው ቀኝ እግራቸውን ገለጡት። ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ራቀ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ሽማግሌው ቄስ ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበሉ ቀሩ፤ ውኃው ሳሕኑ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ያን እግር በሁለት እጃቸው ያዙትና ማጠብ ጀመሩ። ከሌላው ሰው እግር ላይ ከቆዩት ይልቅ ቆዩ።

ጋሽ አየነው ቀና ብለው በአዊኛ ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። አጠገቤ ያለውን ሰው ምን አሉ አልሁት። «‹ይህ እግር ካበጠ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው። አፈር ነው ያመጣው። ከታጠበ ወዲህ አላደገም› ነው የሚሉት» አለኝ።

ጨርሰው ወጥተው ጫማቸውን ሊያደርጉ ሲቀመጡ አያ ጎበዜ እያነከሱ መጡ። ጎንበስ ብለው ቀኙን ከስክስ አነሡ። ውስጡን አዩት፣ እጃቸውን አስገብተው ለኩት፣ ከግራው ጋር አስተያዩት።

«ማን ሰፋልዎ?»

«ማንም። ሁለት ጥንድ እየገዛሁ ነው።»

«የቀረውስ?»

«አልጋ ሥር ነው።»

«ግራው ትልቁ?»

«ግራው ትልቁ።»

አያ ጎበዜ ባዶ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ጋሽ አየነውን። «እኔ ጫማ ከየት ይመጣል ስልዎት፣ አልጋዎ ሥር ነበር?»

«አልጋዬ ሥር ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅር ብያለሁ አላሉም። ከስክሱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩት። «የፋሲካ ማግስት ልጅቱን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። «ጫማውን አውጥተው ይጠብቁኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለው አድካሚ ነው፤ ደስ የሚል ብቻ አድርጌ ልጽፈው አልፈልግም። ማስተዋል መጣች። የጋሽ አየነው ጓሮ ውስጥ ሳፋ አጠገብ ተቀምጣ በየሳምንቱ እግሯን ታሳያቸዋለች፤ እብጠቱ ወረደ፣ መስከረም ላይ ክፍል ተመለሰች። የሌሎች እግሮችም ተከተሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው በሳፋ ይሞላል። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ በሁለተኛው ወር ክፍሉን ልቀቁልኝ አሏቸው። መምህራን ማረፊያ የሚጠጡበት ብርጭቆ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። ዳርዊን ይላቸው የነበረው ሰው አሁን ዝሆኔ ይላቸዋል። እኔ ልጣላ ስነሣ፣ «ደክሟቸው ነው። የሚያሳርፋቸው አጥተው» ይሉኛል። እሑድ ግን ነጭ ካልሲያቸውን አድርገው ከጽዷ አልፈው ይገባሉ።

በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ አያ ጎበዜ ከአገራቸው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሰበር ጫማ ቤት ገብተው አንድ ዓይነት ሁለት ጥንድ ከስክስ፣ አርባ አራትና አርባ አንድ ይገዛሉ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ይከፋፈሉታል። አንዱ ግራ ትልቅ ቀኝ ትንሽ፣ ሌላው ቀኝ ትልቅ ግራ ትንሽ። ምንም አይተርፍም።

እኔ ወደ ዳንግላ ተዛወርሁ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እደውል ነበር፣ ከዚያ በየወሩ። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ እግራቸውን ጠየቅኋቸው። «እሪ ማለቱን አልተወም» አሉኝ። «የቆየ ነው፣ አይተወውም። እኔ ግን እየሄድሁ ነው።» ባለፈው ዓመት አንድም ቀን አልደወልሁላቸውም። ሥራ በዛብኝ እል ነበር፤ ሥራው ግን ያን ያህል አልነበረም።

ለቀብር ቆሰበር ስደርስ ቅጥሩ በሰው ሞልቷል። ልባቸው ደክሞ ነበር አሉኝ። ጽዷ ሥር አያ ጎበዜን አገኘኋቸው፤ አርጅተዋል፣ ከስክስ አድርገዋል፣ ግራው ትልቁን። እጄን ይዘው አልለቅ አሉ።

«ይኼን የገዛነው ዘንድሮ መስቀል ነው» አሉ። «የእሱ ድርሻ ገና አዲስ ነው፤ አላለቀም። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልካፈል?»

 ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት።

ፍትሐቱ ሲጀመር ሰው ጫማውን እያወለቀ ወደ ውስጥ ይገባል። ማስተዋል ጥሊሊ በነርስነት ነው የምትሠራው፤ ከዚያ በሚኒባስ ደርሳ ኖሮ ተጣድፋ መጣች፣ አባቷን ሳመች፣ ደጁ ላይ ጥቁር ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ሰው ያየኛል ሳልል፣ ግራውን ጫማዋን ገልብጬ ቁጥሩን አየሁ። ሠላሳ ሰባት ይላል። ቀኙን ገለበጥሁ። ሠላሳ ሰባት ይላል። አንድ ጥንድ ነው፤ ከአንድ ካርቶን የወጣ። እንደነበረው ጎን ለጎን አስተካክዬ አስቀመጥሁትና ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።